የኮሌጅ ዲግሪ ሥራ ያስገኛልን?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

 

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከጁምዓ ሰላት በኋላ በመስጂዶቻችን ደጃፍ ዘወትር የሚነሳ ነው። አንድ አባት ይመጣና «ኡስታዝ፣ ልጄ ዐሥራ ሁለተኛን ጨረሰ። ኮሌጅ ላስገባው ወይስ ከእኔ ጋር ሱቅ ይቁም? የጎረቤታችን ልጅ በዲግሪ ተመርቆ ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጧል» ይለናል። አንዲት እናት ደግሞ «ልጄን ዐረብ አገር ልልካት ነበር፤ እሷ ግን መማር ነው የምፈልገው አለችኝ። ብትማርስ ሥራ ታገኛለች ወይ?» ትለናለች። እነዚህ ወላጆች የዕውቀትን ክብር የማያውቁ ሆነው አይደለም። ስለ ዕውቀት ደረጃ ከሚንበር ብዙ ጊዜ ሰምተዋል። አሁን የሚጠይቁት ስለ ገንዘባቸውና ስለ ልጃቸው ዕድሜ ነው። ለዚህ ጥያቄ «ዕውቀት ብርሃን ነው» ብሎ መመለስ ጥያቄውን መሸሽ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ዕውቀት ትሩፋት አናወራም፤ ስለ ዲግሪው ወረቀትና ስለ ገበያው እናወራለን።

በቅድሚያ ወላጆቻችን ዲግሪና ሥራ አንድ ናቸው ብለው ለምን እንዳመኑ ማወቅ ይጠቅማል። እምነታቸው ከባዶ የመነጨ አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ነው (ዘመኑን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የምንናገረው)። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የኮሌጅ ምሩቅ በአገራችን እንደ ብርቅ የሚታይ ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ የተመረቀ ሰው ሥራ ሲፈልግ አይንከራተትም፤ መንግሥት ራሱ ይመድበው ነበር። የሚመደብበትን ቦታ አይመርጥም እንጂ ደመወዙ ቀድሞት ይጠብቀዋል። በ1983 መንግሥት ሲለወጥና ኤርትራ ስትለይ ለአገሪቱ የቀሯት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አዲስ አበባና ያኔ ዓለማያ ይባል የነበረው የዛሬው ሐረማያ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከአርባ በላይ ናቸው። የግል ኮሌጁማ በየክፍለ ከተማው፣ በየፎቁ ላይ አለ። መንግሥት ምሩቅን መመደብ ካቆመ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። ወላጅ በልቡ የያዘው ስሌት የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ዘመን ስሌት ነው፤ ልጁ የሚወጣው ወደ አርባዎቹ ዘመን ገበያ ነው።

በሙስሊሙ ቤት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በንጉሡ ዘመን አብዛኛው ሙስሊም ከመንግሥት ቢሮ የራቀ ነበር። ንግድ፣ እርሻ፣ ሽመናና ሌላውም የእጅ ሙያ ነበር ኑሮው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አባቶቻችን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ያን ታላቅ ሰልፍ ሲወጡ ካነሷቸው ጥያቄዎች መካከል በመንግሥት ሥራ የመሳተፍ ጉዳይም ይገኝበታል። ስለዚህ በብዙዎቻችን ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጥቁር ካባ የለበሰ ልጅ ፎቶ በዘሩ ውስጥ የመጀመሪያው ምሩቅ ነው። ለዚያ ፎቶ በሬ ተሸጧል፣ የእናት ወርቅ ተሸጧል። ልጁ ሥራ አጥቶ ሲቀመጥ በዚህ ቤት የሚፈጠረው ሐዘንና ኀፍረት ከሌላው ቤት ይልቅ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። አባት «አልተሳካለትም» ብሎ ብቻ አያልፍም፤ «ተምሮ ምን አመጣ!» ይልና ታናናሾቹን ከትምህርት ያስወጣል። የአንዱ ልጅ ሥራ ማጣት የሦስት ልጆችን ትምህርት ሲያቋርጥ አይተናል።

ታዲያ ዲግሪ ሥራ ያስገኛል ወይስ አያስገኝም?

ነጋዴ የሆናችሁ አድማጮቻችን ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻችሁም። ዕቃ ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል፤ ገዢውም መራጭ ይሆናል። የዛሬ ሠላሳና አርባ ዓመት ባንክ ቤት ገንዘብ ቆጥሮ ለመስጠት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ሰው ይበቃ ነበር። ዛሬ ለዚያው መስኮት፣ ለዚያው ገንዘብ ቆጠራ፣ ዲግሪ ይጠየቃል። ሥራው አልከበደም፤ አመልካቹ ነው የበዛው። ቀጣሪው አምስት መቶ ማመልከቻ ሲመጣለት ለማሳነስ የሚመቸው መጀመሪያ ዲግሪ የሌለውን ማስቀረት ነው። ከዚያም ውጤቱ ያነሰውን፣ ከዚያም ልምድ የሌለውን። እንዲህ በመሆኑ ሁለት እርስ በርስ የሚቃረኑ የሚመስሉ አባባሎች በአንድነት እውነት ሆነዋል። «ዲግሪ ከሌለህ ማንም አያይህም» የሚለው እውነት ነው። «ዲግሪ ይዤም ሥራ አጣሁ» የሚለውም እውነት ነው። ዲግሪ ቀድሞ ወንበር ነበር፤ ዛሬ ለወንበሩ ለመሰለፍ የሚያስፈቅድ ወረቀት ሆኗል።

እዚህ ላይ ስለዚያ ቤት ስለተቀመጠው የጎረቤት ልጅ አንድ ነገር እንበል። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በ2013 ባካሄደው የሠራተኛ ኃይል ጥናት በከተማ የሥራ አጡ መጠን 18.7 በመቶ ነበር፤ የሴቶቹ ደግሞ ከወንዶቹ እጥፍ ገደማ ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ የተማረ ወጣት ብዙ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ «አያችሁ፣ ያልተማረው እየሠራ የተማረው ተቀመጠ» ይላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይነበብም። ድኻና ያልተማረ ሰው ሥራ ፈት ሆኖ መቆየት አይችልም፤ ዛሬ ካልሠራ ዛሬ አይበላም። ስለዚህ ይሸከማል፣ ሊስትሮ ይሠራል፣ ጉልት ይቀመጣል፤ በጥናቱም «ሠራተኛ» ተብሎ ይመዘገባል። ሥራ ፈላጊ ሆኖ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚጠብቀው የሚያበላው ቤተሰብ ያለው፣ የተሻለ ነገር ተስፋ የሚያደርግም ነው። በከተሞቻችን ወጣት ወንዶች ላይ ከዓመታት በፊት የተደረገ አንድ የታወቀ ጥናትም ሥራ አጥነቱ የበረታው በመጠኑ በተማሩትና የመንግሥት ሥራ በሚጠብቁት ላይ እንደሆነ፣ ጥበቃውም በአማካይ ወደ አራት ዓመት እንደሚጠጋ ነበር ያሳየው። አራት ዓመት! ሌላ ዲግሪ የሚያስጨርስ ጊዜ ነው። እንግዲህ ልጁ ያልተቀጠረው ስለተማረ አይደለም። ስለተማረ ግን መጠበቅን መርጧል፤ እኛም እያበላን አስጠብቀነዋል።

ከዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት ምሩቃን በየከተማው በኮብልስቶን ሥራ ተሰማርተው ድንጋይ ሲጠርቡና ሲያነጥፉ ሰዉ ብዙ ቀለደባቸው። ያ ቀልድ ለእኛ አይመቸንም። ነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይመገቡ እንደነበር ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በምስጋና ነግረውናል። ዳሩ ግን ቀልዱን ትተን ጥያቄውን ብናነሳ ተገቢ ነው፤ ድንጋይ ለመጥረብ የታሪክ ወይም የሥራ አመራር ዲግሪ ያስፈልግ ነበር ወይ? አያስፈልግም ነበር። ያን ልጅ የጎዳው ድንጋዩ አይደለም። ማንም ሳይነግረው፣ የሚቀጥረው ምን ያህል እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ የደረሰውን የትምህርት ዘርፍ ይዞ መውጣቱ ነው።

ስለዚህ አባት መጠየቅ ያለበት «ዲግሪ ይጠቅማል ወይ?» ብሎ አይደለም። የትኛው ዲግሪ? ከየት? በምን ዋጋ? ለየትኛው ልጅ? ብሎ ነው።

በዘርፉ እንጀምር። ቀድሞ «ሕክምና ያጠና ሥራ አያጣም» ይባል ነበር። ዛሬ ሐኪም ሆኖ ተመርቆ ቅጥር የሚጠብቅ ወጣት አለ፤ ይህን ስንናገር በሽተኛ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ፤ የጠፋው ለቅጥሩ የሚመደበው በጀት ነው። የሲቪል ምሕንድስና ግንባታው ሲሞቅ ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል። የሒሳብ አያያዝ ተመራቂ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሒሳብ የማይዝ ድርጅት ስለሌለ ቦታውም በየቦታው የተበተነ ነው። በዚህ መካከል አንድ ነገር እንመክራለን። ልጁ ዘርፍ ከመምረጡ በፊት በዚያ ዘርፍ ካለፉት ሁለትና ሦስት ዓመታት የተመረቁ አምስት ሰዎችን ፈልጋችሁ አነጋግሩ። የዛሬ ሃያ ዓመት የተመረቀውን አጎቱን አይደለም፤ የአጎቱ ወሬ የሌላ ገበያ ወሬ ነው። ከአምስቱ ስንቱ ተቀጠረ? በስንት ወሩ? በምን ደመወዝ? ይህን የሚነግራችሁ የኮሌጅ ማስታወቂያ የለም።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ዛሬ ዲግሪ ለማግኘት ክፍል ገብቶ መውጣት ብቻ አይበቃም። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በ2014 የትምህርት ዘመን በአዲስ መልክ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ይህ ማለት ከመቶ ልጆች ዘጠና አምስቱ ገደማ በዚያች ቀን በር ተዘግቶባቸዋል ማለት ነው፤ የተወሰኑት በማካካሻ ትምህርት ቢገቡም። ገብተው አራት ዓመት የተማሩትንም በ2015 የተጀመረው የመውጫ ፈተና ይጠብቃቸዋል። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከ150 ሺህ በላይ ተፈትነው ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከግል ኮሌጆች ከመጡትማ ከአምስት አንድ እንኳ አልሞላም። መውጫ ፈተናውን ያላለፈ ዲግሪውን አያገኝም። አባት አራት ዓመት ሙሉ በየወሩ ከፍሎ፣ ልጁ ካባ ለብሶ ፎቶ ተነስቶ፣ ወረቀቱ ግን የለም!

ይህን የምንለው የግል ኮሌጅን ሁሉ ለማጥላላት አይደለም፤ በርትተው የሚያስተምሩ አሉ። ነገር ግን በግ ለመግዛት ጥርሱን የሚያይ አባት ኮሌጅ ሲመርጥ ምንም ሳያይ ይከፍላል። የኮሌጅ ፈቃድ ለስሙ በጅምላ የሚሰጥ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ ለየብቻ ነው። «ኮሌጁ ዕውቅና አለው» ማለት ልጃችሁ የሚማርበት ዘርፍ፣ በሚማርበት ሕንፃ፣ ዕውቅና አለው ማለት አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ ጠይቁ። ኮሌጁንም ያለ ኀፍረት ጠይቁ፤ ባለፈው ዓመት በዚህ ዘርፍ ስንት አስፈተናችሁ? ስንት አለፈላችሁ? መልሱን የሚሸሽ ኮሌጅ መልሱን ነግሯችኋል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ መራራ ነገር አለ። ትምህርቱን ሳይማር ወረቀቱን የገዛ አለ። የመመረቂያ ጽሑፉን በገንዘብ ያስጻፈም አለ፤ ይህኛውማ እንደ ነውር መታየቱ ከቀረ ቆይቷል። «ኡስታዝ፣ በዚያ ወረቀት ተቀጥሬ የማገኘው ደመወዝ ሐላል ነው ወይ?» ብለው የሚጠይቁን ወጣቶች አሉ። የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ዝርዝር ስላለው ለየብቻ ከዐሊም ጋር ይነጋገርበት። ማታለሉ ግን ሐራም ለመሆኑ ክርክር የለበትም። በዱንያም ቢሆን መሥሪያ ቤቶች የትምህርት ማስረጃ በየጊዜው እያጣሩ ነው፤ ዐሥር ዓመት ሠርቶ የተጋለጠ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ነው የሚወድቀው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ፤ ብዙ ቤት የማይሰላው እሱ ነውና። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ማስተካከያ የዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ለሚያውቅ ሰው ይህ ገንዘብ የት እንደሚያደርስ መንገር አያስፈልግም። በአንጻሩ ሥራውን በሚገባ የሚያውቅ ሴራሚክ አንጣፊ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወይም ሞባይል ጠጋኝ ሥራ በበዛበት ወር ከዚህ በላይ ያገኛል። አራት ዓመትም አላጠፋም። እንግዲያው ሙያ ይሻላል እንበል?

አንቸኩል። ሴራሚክ አንጣፊው ጉልበቱ እስኪዝል ድረስ ነው የሚሠራው። ቢታመም ደመወዝ የለም፣ ሲያረጅ ጡረታ የለም። የዲግሪው ሰው በዝቅተኛ ይጀምራል፤ ግን ደረጃ አለው፤ ከፍ የሚያደርገው ቦታም ዲግሪ የሌለውን አያስገባም። ይኸው አንጣፊ ነገ ተቋራጭ ልሁን ቢል የባለሙያ ዲግሪ አምጣ ይባላል፤ የራሱ ከሌለው የሌላ ሰው ይቀጥራል። ስለዚህ ሁለቱን ስናነጻጽር የመጀመሪያውን ዓመት ደመወዝ ብቻ ይዘን አንመዝን። ሁሉም ልጅ ለሁለቱም አይሆንም፤ እጁ የሚፈታ ግን መጽሐፍ የሚያስጨንቀው ልጅ አለ። ያን ልጅ በግድ አራት ዓመት ወንበር ላይ ማስቀመጥ ግፍ ነው። ቴክኒክና ሙያ ገብቶ በየደረጃው እየሠለጠነ የብቃት ምዘናውን ይለፍ። በኋላ ልማር ቢል በሩ አይዘጋበትም። «የወደቀ ልጅ መጣያ» እያልን ቴክኒክና ሙያን የሰደብነው እኛው ነን፤ ቧንቧችን ሲፈነዳ ግን የምንለምነው እዚያ የተማረውን ነው።

ሥራ በዘመድ ነው የሚለውን ደግሞ በየቀኑ እንሰማለን። ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ይህ አነጋገር ለብዙ ወጣት ማመልከቻ ላለመጻፍ ምክንያት ሆኖታል። በአዲስ አበባ በ2006 እና 2007 አካባቢ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አድርገው ነበር። ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ከፋፍለው ለአንዱ ቡድን ወደ መሐል ከተማ መጥቶ ማስታወቂያ እንዲያይ የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡት። ለሌላው ቡድን ማመልከቻና የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ለቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚቀረብ በአጭር ሥልጠና አሳዩት፤ ችሎታውንም ፈትነው የምስክር ወረቀት ሰጡት። ከአራት ዓመት በኋላ ሲያዩ ይህ ሁለተኛው ቡድን የተሻለ ገቢ ሲያገኝ ተገኘ። ዘመድ አልጨመሩለትም፤ ያለውን ችሎታ ለማያውቀው ቀጣሪ የሚያሳይበትን መንገድ ነው የሰጡት። በአራት ኪሎ ሰሌዳ ሥር ተሰልፎ ማስታወቂያ መገልበጥ ዛሬ ወደ ቴሌግራም ቢዞርም ችግሩ ያው ነው። አንድ ዓይነት ማመልከቻ መቶ ቦታ የሚልክ ልጅ መቶ ጊዜ አመለከትኩ ይላል፤ አንድ ጊዜ ነው ያመለከተው።

በቁርአን ውስጥ ስለ ቅጥር የሚነግረን ታሪክ አለ። ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ መድየን ሲደርሱ ዘመድ አልነበራቸውም፤ ስደተኛ ነበሩ። ለሁለቱ እህትማማቾች መንጋቸውን አጠጡላቸው። ከሴቶቹ አንዷ አባቷን ቅጠረው ስትል ያነሳችላቸው ሁለት ነገር ነው፤ ጉልበት ያለውና ታማኝ መሆናቸውን። ዘራቸውን አላነሳችም። ዩሱፍም (ዐ.ሰ) የግብፅን ግምጃ ቤት ለመረከብ ራሳቸውን ሲያቀርቡ ያነሱት ጠባቂነታቸውንና ዐዋቂነታቸውን ነበር። ሙፈሲሮች ብዙ ነገር አውጥተውበታል፤ ለዛሬው ጉዳያችን የሚበቃን ግን ችሎታንና አማናን ለቀጣሪ በግልጽ ማሳየት ነውር አለመሆኑ ነው። ልጆቻችንን ትሕትና ስናስተምር አንገት መድፋትን ጨምረን አስተምረናቸዋልና ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያውቁትን እንኳ ሳይናገሩ ይወጣሉ።

ስለ ሴት ልጆቻችን። የከተማ ሴት ሥራ አጥነት ከወንዱ እጥፍ መድረሱን ቅድም ተናግረናል። የዚህ ሁሉ ጥፋተኛ ቀጣሪው ብቻ ነው ብለን አናልፍም። ሴት ልጁን በደስታ አስመርቆ፣ ሥራ ስታገኝ «ርቀት አለው»፣ «ወንድ ይበዛበታል»፣ «ባልሽ ይወስን» እያለ ሦስቴ አራቴ የሚያስቀር አባት አለ። ስጋቱን አናጣጥለውም፤ ለልጁ ያስባል። ነገር ግን ይህን ከመመዝገቧ በፊት ነበር ማሰብ። ከቤት አቅራቢያ የሚሠራበት፣ በሴቶች መካከል የሚሠራበት፣ በቤት ሆኖ በኮምፒዩተር የሚሠራበት ዘርፍ አለ፤ አስቀድሞ ቢመከርበት ይመረጥ ነበር። በ2016 መጨረሻ መንግሥት የጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ለምሳሌ ክፍያ የሌለውና ቤት ተቀምጠው የሚማሩት ነው። እሱ ብቻውን ሥራ ያስገኛል አንልም፤ ከዲግሪዋ ጋር ሲሆን ግን ማመልከቻዋን ከሌላው ይለየዋል።

ዐረብ አገርን በተመለከተ ለዚያች እናት የምንላት ይህ ነው። ዲግሪ ይዛ በቤት ሠራተኛነት ቪዛ የምትሄድ ልጅ ዲግሪዋ እዚያ ምንም አይጨምርላትም፤ ደመወዟ የሚወሰነው በቪዛዋ ነው። ተምራ በሙያዋ መሄድ ከፈለገች ሙያዋ የሚፈለግ መሆኑን፣ ማስረጃዋም በሚመለከተው የትምህርት አካል ከተረጋገጠ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲው መጽደቅ እንዳለበት ከአሁኑ ትወቅ። ዐሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችን ልጅ ልኮ የሚመጣ ገንዘብ ቤት ይሠራል፤ አይካድም። ግን ስትመለስ ምን ይዛ እንደምትመለስ ከመላኳ በፊት አስቡት። ብዙዎቹ ሲመለሱ ቤቱ የወንድም ሆኖ፣ እነሱ ካቋረጡበት ክፍል ሊጀምሩ ዕድሜያቸው አልፎ ነው የሚያገኙት።

ሌላው ጉዳይ ለምሩቅ ሁሉ የሚነገረው «ሥራ ፍጠሩ» የሚለው ምክር ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ግን ተደራጁ ከተባለ በኋላ የሚመጣው ብድር ለዓመታት በወለድ ብቻ ነበር። ዲኑን የሚፈራ ወጣት ከዚያ መስኮት ላይ ይመለሳል፤ ጓደኞቹ ተበድረው ሥራ ሲጀምሩ እሱ ሲቪውን ይዞ ይቀራል። ይህ ለሙስሊሙ ወጣት እውነተኛ ጉዳት ነበር። ብሔራዊ ባንክ በ2003 እና 2004 አካባቢ ባንኮች ከወለድ ነጻ መስኮት እንዲከፍቱ መንገዱን ከፈተ፤ በ2013 ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራና ሌሎችም ተከተሉ። ዛሬ ዕቃ በሙራበሓ የሚገዛበት መንገድ አለ። ችግሩ መያዣ ነው፤ የድኻ ልጅ ከየት ያመጣል? እዚህ ላይ ባለሀብቶቻችንን አንድ ታሪክ እናስታውሳለን። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት አንድ የአንሳር ሰው ሊለምን ሲመጣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከቤቱ ያለውን ምንጣፍና ጎድጓዳ ሣሕን አስመጥተው በጨረታ በሁለት ዲርሃም ሸጡለት። በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አደረጉ፤ እጀታውን በእጃቸው አስገብተውለት እንጨት ሊለቅም ሄደ። ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ ዐሥር ዲርሃም ይዞ ተመለሰ። በታሪኩ ውስጥ ወለድ የለም፤ ጨረታና መጥረቢያ አለ።

እነዚህ ባንኮች ሌላም ነገር አሳይተውናል። ሲከፈቱ የሒሳብ ሠራተኛ ማግኘት አልተቸገሩም። አስቸጋሪው የሒሳብ መግለጫ የሚያነብና የንግድ ፊቅህንም የሚያውቅ ሰው ማግኘት ነው። መድረሳም ኮሌጅም ወንበር ላይ የተቀመጥን ሰዎች እንደመሆናችን ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉ እናውቃለን። ዳሩ ግን ዐሥር ዓመት ኪታብ የቀራ ደረሳ ዕውቀቱ በየትኛውም ቢሮ የሚታይ ወረቀት የለውም፤ ሼኹ የሰጡት ኢጃዛ በመንግሥት ፎርም ላይ የሚሞላበት ሳጥን የለም። ደረሶቻችን በማታ ትምህርት ዐሥራ ሁለተኛን እንዲጨርሱ መድረሳዎቻችን ሰዓት ቢሰጧቸው ከቂርአታቸው የሚቀንስ አይሆንም። ይህን ስንል ቅር የሚላቸው ሼኾች እንዳሉ እናውቃለን፤ ዐቅማችሁን አክብረን ነው የምንለው፤ ልጁ ነገ ሚስትና ልጆች ይኖሩታል።

በመጨረሻ ከመርካቶ እስከ ደሴና ጅማ ለምትነግዱ ወንድሞቻችን። ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ሁሉ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። ብዙዎቻችሁ ግን ሒሳቡን በራሳችሁና በአንድ ደብተር ትይዛላችሁ፤ ግብር ሲደርስ ለማታውቁት ሰው ከፍላችሁ ታስሠራላችሁ፣ ቅጣት ሲመጣም ታዝናላችሁ። በዚያው መስጂድ ከእናንተ ጋር የሚሰግድ፣ በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ልጅ አለ። ማስታወቂያ ስታወጡ «የሁለት ዓመት ልምድ ያለው» ትላላችሁ። ልምዱን ከየት ያምጣ? ስድስት ወር በመጠነኛ ደመወዝ፣ በግልጽ ውል፣ ሰርተፊኬት ጽፋችሁ የምትሰጡት ከሆነ እናንተም ሒሳባችሁ ይስተካከላል፤ እሱም ቀጣዩ በር ላይ ሲቆም ባዶ እጁን አይቆምም። የመስጂድ ኮሚቴዎች የምሩቃንን ስም፣ ዘርፍና የተመረቁበትን ዓመት በአንድ መዝገብ ይያዙ። ነጋዴው ሰው ሲፈልግ መጀመሪያ ያንን መዝገብ ይጠይቅ። የሴቶቹ ስም እንዳይቀር፤ የሴቶች ክፍል ኃላፊዋ ትመዝግብ።

በዚህ ጉዳይ ጥያቄ ያላችሁ አባቶችና እናቶች እንደተለመደው በጽሑፍ ላኩልን፤ በተለይ የልጃችሁን የትምህርት ዘርፍና የተመረቀበትን ዓመት ብትጠቅሱልን ኢንሻ አላህ በሚቀጥለው ፕሮግራም እንነጋገርበታለን።